የወገዳው ሬዲዮ ፉጨት

ሰኞ፣ ጥር 15

ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንጨቴን እፈልጣለሁ፣ ውሃዬን ከምንጭ እቀዳለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ። ሚስቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ፤ የማንንም በር አላንኳኳሁም። የወረዳውን ግቢ ቀን ቀን እጠብቃለሁ። የወረዳ ገዥያችንን የግራዝማችን በቅሎ የማስርም የምፈታም እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ከጎለመስሁ ወዲያ ነው፤ ግን የጻፍሁትን መልሼ አነበዋለሁ። ይበቃል።

ዛሬም ሬዲዮው አፏጨ። ከጥምቀት ወዲህ እንዲህ ነው። የአውራጃው ከተማ ነፋስ መውጫ ሲናገር ደህና ይሰማል። የኛው የሬዲዮ ሠራተኛ ደምሴ ሊመልስ መነጋገሪያውን ይዞ ቁልፉን ሲጫን ግን ሲጥ ይላል፣ ከዚያ ጅራቷን እንደ ረገጧት ድመት ይጮኻል። ነፋስ መውጫዎች «ፉጨት እንጂ ቃል አልደረሰንም» ይላሉ።

ገዥያችን ግራዝማች በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። «እስከ ቅዳሜ ካልተናገረ አንተንም ሳጥኑንም ባንድ አጋሰስ ጭኜ እሰዳችኋለሁ» አሉት። ደምሴ ሦስት ልጆች አሉት፣ እርሻ የለውም። ከዚህ ሥራ ከወጣ የሚገባበት የለም።

እኔም ሰው በተሰበሰበበት «ለጥምቀት የጠጣኸው ጠላ ነው የሚያፏጨው» አልሁት። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ነገሩን እኔ ያዝሁት። ወታደር ሳለሁ የመቶ አለቃዬን ሬዲዮ በጀርባዬ ተሸክሜያለሁ። እውነቱን ለመጻፍ፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን እጀታ አዞር ነበር እንጂ አንድ ቀን አልተናገርሁበትም። ይህን ለደምሴ አልነገርሁትም። «ሬዲዮ አውቃለሁ» ነው ያልሁት።

ሲናገር አየሁት። የአውራጃው ገዥ ድምፅ ሲመጣ ደምሴ ይነሣል፣ ነጠላውን ያደገድጋል፣ ለሳጥኑ እጅ ይነሣል። ጎንበስ ሲል መነጋገሪያው ድምፅ ማውጫው አፍ ላይ ይደርሳል። ድምፅ ከሳጥኑ ወጥቶ ተመልሶ በመነጋገሪያው ከገባ ይዞራል፣ ይጮኻል። አለቃዬ ሲል ሰምቻለሁ።

«ተቀምጠህ ተናገር።»

«ለአውራጃ ገዥ ተቀምጬ? አያ ካሴ፣ ሊያስገርፉኝ ነው?»

«አያዩህም እኮ!»

«እኔ ራሴን አየዋለሁ።»

በግድ አስቀመጥሁት። ጩኸቱ እንዳለ ነው። መነጋገሪያውን ገመዱ እስከሚደርስ ወደ በሩ ወሰድነው። አሁንም። ድምፁን ዝቅ አደረገው። አሁንም።

የተሞከረ፦ መቀመጥ፣ መራቅ፣ ድምፅ መቀነስ፣ የባትሪውን ጫፍ በአመድ መፈግፈግ።

የቀረ፦ አላውቅም። ይህን ቃል መጻፍ አልወድም።

ረቡዕ፣ ጥር 17

ጧት ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከጣሪያው ግንድ እስከ ባሕር ዛፉ የተዘረጋውን የሬዲዮውን ሽቦ በእጄ ዳሰስሁት። አልተበጠሰም፣ ምንም አልነካውም። ደምሴ ከታች «ይውረዱ አያ ካሴ፣ ሬሳዎን ማን ይሸከማል?» አለ። «አንተ ነሃ፤ ከቅዳሜ ወዲያ ምን ሥራ አለህ» አልሁት። ካፌ ካመለጠኝ በኋላ ከበደኝ።

ቀትር ላይ ሚስቱ ብርቄ ቄስ ሞገስን ጸበል አስይዛ አመጣች። ቄሱ ጸልየው ክፍሉን በአራቱም ማዕዘን ረጩ። በገንቦው የተረፈውን ሰው እንዳይረግጠው ከቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር አፈሰሱት። ደምሴ ቁልፉን ተጫነ። ፉጨት የለም! «ወገዳ፣ ጥርት ብለህ ትሰማለህ» አለ ነፋስ መውጫ። ብርቄ እልል አለች። ቄስ ሞገስ ወደኔ ዞረው «አያ ካሴ፣ ጣሪያው ላይ ምን ጠፍቶብዎ ነበር?» አሉኝ።

ደስ ብሎኛል። ትንሽ ቅር ብሎኛልም። እኔ ባገኘው እወድ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 18፣ ሰባር ጊዮርጊስ

ጧት ደህና ነበር። ከቀትር በኋላ እንደገና ጮኸ። ደምሴ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ቄሱ ክብረ በዓል ላይ ናቸው።

እኔ ማሰብ ጀመርሁ። ጸበል ያዳነው ነገር በማግስቱ ለምን ያገረሻል? ክፍሉ ውስጥ የተረጨው ትናንት ያኔውኑ ደርቋል። እስከ ዛሬ ጧት እርጥብ የነበረው ከጀርባ የፈሰሰው ነው። ሄድሁ። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በበትሬ ጫርሁት። ከግድግዳው የወጣ ሽቦ አለ፤ ጫፉ አፈር ውስጥ ተወሽቋል እንጂ ምንም አልያዘም። አጠገቡ ጉድጓድ አለ።

ጉድጓዱን አውቀዋለሁ። የከተራ ዕለት የእንግዳ በቅሎ በዝቶ ካስማ አነሰኝ። እዚህ አንድ መልካም ብረት ያለ ሥራ ተተክሎ አየሁ። የተጠመጠመበትን ሽቦ ፈታሁና ነቀልሁት፣ ከግራሩ ሥር ለግራዝማች በቅሎ ተከልሁት። ሽቦውን ሰው እንዳያደናቅፍ በእግሬ አፈር ውስጥ ቀበርሁት።

ለካ ሬዲዮው መሬት የሚይዘው በዚያ ብረት ነው፤ ጸበሉ አፈሩን ሲያረጥበው ለአንድ ቀን ሽቦው ብቻውን መሬት ያዘለት። አለቃዬም በሰፈርንበት ሁሉ መጀመሪያ ብረት ያስተክል ነበር። ውሃ የማጠጣው እኔ ነበርሁ! እጄ ያጠጣውን ራሴ ረሳው።



ዓርብ፣ ጥር 19፣ ገብርኤል

ሰው ሳይመጣ ብረቱን ከበቅሎዋ ዘንድ ነቅዬ በቦታው መታሁት። ሽቦውን ፍቄ አጥብቄ አሰርሁ። ሁለት ቅል ውሃ። ደምሴ መጥቶ ተጫነ፤ እንደ ደወል ጠራ። ሳጥኑን ሳመው። እኔ ዝም አልሁ። ተጠግኗል፣ ማን ይጠይቃል ብዬ።

ግራዝማች ግን «አያችሁ? ዱላ ሲቀርብ ተናገረ! እስከ ዛሬ ሆን ብሎ ነው የሚያስጮኸው» አሉ። ጸሐፊውን ጠርተው የስንብቱን ደብዳቤ አስጀመሩ። ነገ ይነበባል።

ብርቄ በሩ ላይ ቆመች። «አያ ካሴ፣ ደስ አለዎት? ጠላው ነው ብለው አልነበር?»

መልስ አጥቼ አላውቅም። ዛሬ አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ደብዳቤው ሳይነበብ ገባሁ። ባለጉዳዩ ሁሉ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ሬዲዮውን ያስጮህሁት እኔ ነኝ።»

«በምንህ? በጥርስህ?» አሉ ግራዝማች። ሰው ሳቀ።

«ለበቅሎዎ ካስማ ብዬ ብረቱን ነቅዬ ነው።»

አላመኑኝም፤ ለደምሴ አዝኜ የምዋሽ መሰላቸው። ከግድግዳው ጀርባ ወሰድኋቸው። ብረቱን ነቀልሁና ሽቦውን ፈታሁ፤ ደምሴ ውስጥ ሆኖ ተጫነ፤ ጮኸ። መልሼ ተከልሁ፣ አሰርሁ፣ ውሃ አጠጣሁ፤ ዝም አለ። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው የሚስቅ አልነበረም።

«ለኔ በቅሎ?» አሉ።

«ለርስዎ በቅሎ።»

ደብዳቤውን ከጸሐፊው እጅ ወስደው አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት። አልቀደዱትም። «ሰኞ ሁለታችሁም ቅረቡ» ብለው ገቡ። በማን ላይ እንደሚፈርዱ አላውቅም።

ደምሴ ከክፍሉ ወጥቶ ወደኔ መጣ። «አያ ካሴ፣ ሬዲዮ አውቃለሁ አላሉኝም?»

«እጀታ ነበር የማዞረው» አልሁት።

መጀመሪያ አፉን በነጠላው ያዘ። ከዚያ አልቻለም፣ ሳቀ።

እንግዲህ ያለብኝ ይህ ነው። ለደምሴ፣ ሰው በተሰበሰበበት የሰደብሁትን ሰው በተሰበሰበበት ይቅርታ መጠየቅ። ለብርቄ፣ ትናንት ያጣሁትን መልስ ቤቷ ድረስ ማድረስ። ለቄስ ሞገስ፣ ጸበላቸው ቦታውን እንዳሳየኝ መንገር፤ ይሳቁብኝ። ለበቅሎዋ የወይራ ካስማ መጥረብ። ለግራዝማች፣ ሰኞ ቀድሜ መድረስ፣ ቅጣት ካለ ከደምሴ በፊት በኔ እንዲሆን መለመን። ሰዎች መካነ ኢየሱስ ከተማ የሚኖረው ልጅህ መጥቶ ያማልድህ አሉኝ። አልጠራውም። ያጠፋሁት እኔ፣ የምቆመውም እኔ።