ተፈትቶ ለተመለሰው ሮቦት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የንብረት ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ መጋዘንዎ በር ጠብቆ ይቆይልን እያልኩ፣ ይህን ደብዳቤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ደጅዎ ላይ ቆሜ መጠበቁ ስለደከመኝ እንጂ ለድፍረት አለመሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ ከሰዓት በኋላ የሮቦት ትምህርት የምሰጠው የኮምፒውተር መምህር ነኝ።

አንደኛ፣ የሮቦቶቹ ካርቶኖች ሲመጡ ጎማው፣ ሞተሩ፣ ገመዱና ብሎኑ ለየብቻ ስለነበረ፣ «እንደተረከባችሁ አስረክቡ» በሚለው መመሪያዎ መሠረት ሮቦቶቹ በየዕለቱ ተፈታተው እንዲመለሱ ስላዘዙ እናመሰግናለን። ተማሪዎቹ ገጣጥመው የመጨረሻዋን ብሎን ሲያጠብቁ ደወል ይደወላል፤ ከዚያ መፍታት ነው። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሮቦት ማዘዝ ሊማሩ መጥተው ካቻቢቴ አያያዝ ተክነዋል። ይህም ሙያ ነው፤ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ አንዷ እንኳ እንደተገጠመች ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባት ትደር ብዬ ባመለክት፣ ወደ መጋዘንዎ የገባው ጎማና ሞተር እንጂ ሮቦት የሚባል ዕቃ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ያኔ ገና እናደድ ነበር። አሁን ትቶኛል።

ሦስተኛ፣ ጓደኞቿ «ኢንጂነሯ» የሚሏት አንዲት ተማሪ አለችኝ። ሮቦቷ ግድግዳ ጋ ስትደርስ ዞራ እንድትመለስ የሚያደርገውን ኮድ ቤቷ ሆና በወንድሟ ስልክ ጻፈች። አይቼዋለሁ፣ ስህተት የለበትም። አባቷ ግን ከሰዓት በኋላ ሱቅ እንድትቀመጥለት ስለፈለገ፣ ትምህርቱ የሚሠራው ነገር ካለ መጥቼ በዓይኔ ልይ፣ ከሌለ ይበቃል ብሎ ነበርና መጣ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ልጅቷ ሮቦቷን ገጣጠመች፣ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘች፣ ኮዱን መጫን ጀመረች። ደወል ተደወለ። ረዳትዎም ደንቡ ነውና ካርቶኑን ይዞ በር ላይ ቆመ።

«መምህር፣ ዛሬም ልፍታው?» አለችኝ።

«ፍቺው» አልኳት።

ከጎማዎቹ ጀመረች። አባትየው አልተቆጣም፣ እንዲያውም ስለ ድካሜ አመስግኖኝ ልጁን ይዞ ሄደ። ማዘን ነበረብኝ መሰለኝ፤ ምንም አልተሰማኝም። ብሎኖቹን ቆጥሬ ለረዳትዎ አስረከብኩ።

ፊርማዬ ከቦታው እንደማይጠፋ ሁሉ አክብሮቴም እንደማይጎድልብዎ እያረጋገጥኩ፣

በቁርጥራጭ ተረክቦ በቁርጥራጭ የሚያስረክብ ታዛዥዎ፣
የኮምፒውተር መምህሩ

ማስታወሻ፦ በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ አንዲት ብሎን እንኳ እንዳልጎደለች ገልጸው በሁሉም ፊት ስላመሰገኑኝ ክብረት ይስጥልኝ። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ክፍሉ አልመጣችም። እሷን ግን ማንም ፈርሞ ስላልተረከበ፣ የት ደረሰች ብሎ የጠየቀኝ የለም።