ዳክዬ የፈራችው ጎጆ

ለምናፍቅሽ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽና ያቺ አፈ ጮሌ ልጅሽስ ደኅና ናቸው? እኛ ደኅና ነን፤ አባባ ግን እግራቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ሰነበቱ። በስልክ «ጉንፋን ነው» ያልኩሽ እሳቸው አስገድደውኝ ነው።

ዝናቡ እንዳባራ አባባ እንደ ድሮው ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ዳክዬ ማደን አማራቸው። ተደብቀን ዳክዬ የምንጠብቅባትን ማድቢያ ጎጆ የምትሠሩት አንቺና እሳቸው ነበራችሁ። እኔ ጭቃ ስለምጸየፍ «ሙሽራው» እያላችሁ ትስቁብኝ የለ? ዘንድሮ አንቺ ስለሌለሽ ሥራው ለእኔ ወደቀ፤ እኔም እህቴን አስንቃለሁ ብዬ ተነሣሁ።

የአናጢ ነገር ታውቂያለሽ፣ የተጣመመ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ሸምበቆውን አጭጄ ጫፉን እኩል ከረከምኩት። ምሰሶዎቹን በቱምቢ ገመድ ለክቼ ቀጥ አድርጌ አቆምኩ፣ መቀመጫውን በውኃ ልክ አስተካከልኩ፣ የመተኮሻውንም መስኮት አራት ማዕዘን አድርጌ አወጣሁለት። ዓሣ አጥማጁ ጎረቤታችን አይቶ ኪራዩ ስንት ነው አለኝ። እኔ ሞኙ ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ።

አባባን ደግፌ ወሰድኳቸውና ገብተን አደባን። ዳክዬዎቹ መጡ። ሊያርፉ እግራቸውን ከዘረጉ በኋላ ድንገት ክንፋቸውን መትተው ተመለሱ። ሌሎች መጡ፣ እነሱም እንዲሁ። አባባ ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ እንዳጋደሙ ረፈደ። ዘንድሮ ወፉ ፈሪ ነው ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲያ እግራቸው እምቢ አለ። የመጨረሻ አደናቸውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እትዬ፣ ይቆጨኛል።

በቀደም ነፋስ ጎጆዋን አጎበጣት። ምሰሶው ዘመመ፣ ሸምበቆው ተንጨባረረ፣ ሣሩ በመስኮቷ ገባ። ላቃናት ቱምቢዬን ይዤ ብሄድ ዳክዬዎቹ ደጃፏ ላይ ይዋኛሉ፤ አንዷማ ጣሪያው ላይ ቆማ ታየኛለች። ለካ ውኃ ዳር ቀጥ ያለ ነገር የለም፤ ቀጥ ያለ ካዩ ሰው አለ ብለው ይሸሻሉ። የእናንተ ጎጆ የምትንሻፈፈው ሙያ አጥታችሁ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ለአባባ ነገርኳቸው። ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም ብላቸው «ስትለፋ አይቼህ ነበራ» አሉ። ቀጥለውም «አታቃናት። እህትህ እስክትመጣ እንደዚያው ትቆይ» አሉኝ።

እማማ ትስምሻለች። ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች፣ ዓሣ አጥማጁም እንዲሁ። አባባ «በጣም ደኅና ናቸው በላት፣ አታስደንግጣት» እያሉ ከአልጋቸው ሆነው ያጽፉኛል። እኔ ግን እዚህ ላይ ቀጥ ልበል፤ እግራቸው ብቻ አይደለም፣ እህልም ትተዋል። ጎጆዋ ሌላ ነፋስ አትችልም፣ እሳቸውም እንዲሁ። ቶሎ ነይ።

ታናሽሽ «ሙሽራው»
ከሐይቁ ዳር፣ ከአባባ ቤት
ታኅሣሥ 9 ቀን