ፕላሷን ለቀነሱብኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የዓይን ሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና አጥብቄ እመኛለሁ፤ ዓይንዎን ቢያምዎ በራስዎ ኢሜይል ቀጠሮ ለመያዝ ይገደዳሉና።

እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ኖራ፣ ሞራ ዓይኗን ከጋረዳት ወዲህ ግን ክር በመርፌ ማስገባት ተሳናት። ለቀዶ ሕክምና ስትመዘገብ፣ የኢሜይል ሳጥኔ በማስታወቂያ የተጥለቀለቀ ስለሆነ ቀጠሮዋ እንዳይጠፋብኝ ሰግቼ፣ ከስሜ ቀጥሎ የፕላስ ምልክትና «ዓይን» የሚል ቃል የጨመርኩበትን አድራሻ ሰጠኋችሁ። እንዲህ ያለው አድራሻ መልእክቱን ያው ለእኔው ያደርሳል፤ ሳጥኔም ቃሉን አይቶ ከኮተቱ ለይቶ ያስቀምጥልኛል። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

፩. ኮምፒውተርዎ ፕላሷን እንደ ጉድፍ ጠርጎ፣ ስሜንና «ዓይን»ን አጣብቆ፣ ቀጠሮውን ለማናውቀው ሰው ስለላከልን እናመሰግናለን። ቀኑን እሱ አወቀው፤ እኛን አለፈን።

፪. ቀጠሮው የውሃ ሽታ ሲሆንብኝ ጻፍኩልዎ፤ መልሱም ከመቅጽበት መጣ። ክፍልዎ ከተፈቀደላቸው ላኪዎች ዝርዝር ውጭ ከሆነ ሰው መልእክት እንደማይቀበል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት ከፈለግሁም ማመልከቻዬን በዚሁ ኢሜይል እንድልክ በትሕትና ተገለጸልኝ። ላክሁ። ያው መልስ ተመለሰ። ቁልፉ ውስጥ ነው፣ ገብተሽ አውጪውና ክፈቺ እንደ ማለት ነው።

፫. እናቴ በየማለዳው ጠሩን ወይ ስትለኝ የኮምፒውተር ነገር ነው እላት ነበር። አንድ ቀን ለጎረቤታችን «ልጄን ሳልሰለቻት አልቀረሁም» ስትል ሰማኋት። ለዚህኛው ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ እስካሁን ቃል አላገኘሁም።

በማግስቱ ክንዷን ይዤ ራሳችን መጣን። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፕላሷ የጠፋችበትን አድራሻዬን አሳይታ፣ ኮምፒውተሩ እናቴን «ተጠርታ የቀረች» እንደሚላት ነገረችን፤ እናቴ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አልልም አለች። ሠራተኛዋም ተነሥታ ለሐኪሙ ነገረችልን፤ እሱም አንድ ታካሚ ሳይመጣ ስለቀረበት በዚያው ዕለት ለቀዶ ሕክምናው አስገባት። የቀረው ሰው አድራሻም ፕላስ ሳይኖረው አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ፋሻው ሲፈታ እናቴ ሐኪሙን ትክ ብላ አየችውና፣ «ልጄ፣ የጋውንህ ኪስ ተጣሞ ነው የተሰፋው» አለችው። እሱ ሳቀ፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከደጅዎ ቆማ በታላቅ አክብሮት እጅ የምትነሣው፣
ያልተፈቀደላት ላኪ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አድራሻዬን ከነፕላሷ አስተካክላ መዝግባልኛለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ፍራሽ ሻጭ፣ ከእናንተ በቀር ለማንም ባልሰጠሁት በዚያው አድራሻ፣ «ውድ ደንበኛችን» እያለ በየቀኑ ይጽፍልኛል። እኔን አላስገባም ያለው በርዎ አድራሻዬ ሲወጣ ግን ወዴት ነህ እንኳ አላለውም።