የሐኪም ጾም

ለተወደድከው ወንድሜ ለወልደ ኪዳን፤ ሞጣ።

ጤናህ እንዴት ነው? ንግስትስ እንዴት ሰነበተች? ሕፃኗ ጥርስ አበቀለች ወይ? እኔና እናታችን አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። አባታችንም ደኅና ናቸው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

በጥር የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሲታወቅ፣ ማርና ጠላውን ይተዉ፣ ሽንብራና ጎመን ይብሉ፣ እንደ ጾም ይያዙት ብለህ የጻፍከውን አነበብኩላቸው። አንተ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነህና አመንንህ። እሳቸው ደግሞ በጾም አይታሙም። ሁዳዴን ሙሉ ብርዝ እንኳ ሲቀርብ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። የውኃ ጥሙ ቀለለላቸው፣ የእግራቸውም ቁስል ጠገግ ብሎ ነበር።

ለካ ቀን እየቆጠሩ ኖሯል። የፋሲካ ዕለት የሐኪሙንም ጾም አብሬ ፈታሁ ብለው ወለላ አምጪ አሉኝ። ቆርጬ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ደስታቸውን አይቼ አንጀቴ አልችል አለ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ከማሩም ከጠላውም ሳይለዩ ሰነበቱ። አንተን ብቻ አልወቅስም፤ ግን እንደ ጾም ከምትል ዕድሜ ልክ ብትል ምን ነበረበት?

አሁን ጥሙ ተመልሷል፣ ቁስሉ አመርቅዟል፣ አንዱ ጣታቸውም ጠቁሯል። እዚህ ያለው ሐኪም ምግባቸውን እስከ መጨረሻው ካልጠበቁ እግራቸው መቆረጡ አይቀርም ብሎኛል። ይህን ለእሳቸው አልነገርኩም። ምግቡን እንደገና ይጠብቁ ስላቸው፣ ስንት ቀን ነው፣ ቁጥሩን ንገሪኝና እጨርሰዋለሁ፣ ፍቺ የሌለው ጾም ከሆነ ግን አልጀምረውም አሉኝ። ፈራሁና እስከ ፍልሰታ ፍቺ ነው ብዬ ዋሸኋቸው።

ይኸው እንደ ሕፃን ታዘው ሽንብራቸውን ይበላሉ። ዛሬ ጠዋት ሰማንያ ስድስት ቀን ቀረኝ አሉኝ። ወንድሜ፣ ክረምቱ ወንዙን ሳይሞላው ፈቃድ ጠይቀህ ና። እውነቱን አንተ ንገራቸው፤ ከእኔ አፍ አይወጣም።

ለንግስት ናፍቆቴን ንገርልኝ። ሕፃኗን ጉንጯን ሳምልኝ። አከራያችሁን ወይዘሮ ዘይዳን እኅቴ እጅ ነሥታለች በልልኝ። እናታችን በጸሎት ያስቡሃል። አባታችንም ሰላም ብለውሃል፤ ለፍልሰታ ፍቺ ከሞጣ ነጭ ማር ይዘህላቸው እንድትመጣ አደራ ብለዋል።

እኅትህ ስሜነሽ
ቢቸና፣ ግንቦት ፳ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.