ዝለለው የተባልኩት ገጽ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን አለህልኝ? ደረትህስ እንዴት ነው? ሳሉ ለቀቀህ? ትራስ ሳትደራርብ በጀርባህ መተኛት ቻልክ? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጀመረው ብለህ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ግን አንተን ዋሽቼህ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም። ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። ከቀብርህ ቀን ጀምሮ ጥርሴን እንደነከስኩ ነው። አክስታችን እንኳ "መንጋጋህ ሳይወልቅ አልቅስና ይውጣልህ" ብላኛለች። መልስ እንደማትጽፍልኝ አውቃለሁ፤ ድሮም ለደብዳቤ መልስ ሰነፍ ነበርክ።

ቀብርህ ላይ ሰው ጎርፎ ነበር። ለስድስት ወር በራችንን ያላንኳኳው ሁሉ ሬሳህ ላይ ሲንሰፈሰፍ አየሁት። የጉባኤያችን ሰብሳቢ ሽማግሌ ድምፅ ማጉያውን ይዘው "ይህ ወንድማችን በእጁ በሠራቸው አግዳሚዎች ላይ ተቀምጠን የጀመርን ሃያ ሰዎች ዛሬ ስምንት መቶ ሆነናል" አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔ አላልኩም። ከስምንት መቶው ውስጥ አንተን ውሃ ያጠጣህ ማን እንደሆነ በልቤ ፈለግሁ፤ ለመቁጠር አንድ ጣት እንኳ በዛኝ።

ያን ጊዜ ትዝ ይልሃል? እናታችን ባረፈች በዓመቱ ሰዎቹ ለጸሎት እኛ ቤት መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ መቀመጫ ስላልነበረ ከሥራ ቦታህ የተረፈውን ጣውላ እየሰበሰብክ አሥር አግዳሚ ሠራህ። ሰጋቱራው ከፀጉርህ ለሳምንት አልወጣም። ጉባኤ በሌለበት ቀን ሁለቱን ገጥመን እኔ እተኛባቸው ነበር፤ በሦስተኛው ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። የአንዱ ጫፍ ሚስማር ወጣ ብሎ የሰብሳቢውን ሱሪ የቀደደ ቀን ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። "ወንድሜ፣ ይህ አግዳሚ ትዕቢተኛን ይመርጣል እንዴ?" ብለው እሳቸውም ሳቁ። ያኔ ይስቁ ነበር። እንጀራ ያለው እንጀራውን፣ የሌለው ራሱን ይዞ ይመጣል። የታመመ ካለ ጸሎቱ እዚያው እሱ ቤት ይሆናል። በራችን በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ይውል ነበር።

ከዚያ አዳራሹ መጣ፣ የፕላስቲክ ወንበር መጣ፣ አግዳሚዎቹም ወደ ቤታችን ተመለሱ። አንተ አልከፋህም። "ተቀማጭ እስከተገኘ መቀመጫው ምን ቸገረህ?" አልከኝ።

ሳሉ የጀመረህ ሰሞን ከመሐል ወደ ኋላ ረድፍ አዛወሩህ። ክሊኒክ ሄደን የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ሲነገረን፣ ሁለት ወር ሙሉ በራስህ ፈቃድ ከቤት ሳትወጣ መድኃኒትህን ዋጥክ። አክታህ ተመርምሮ "ከእንግዲህ ለሰው አይተላለፍም" የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ነርሷ ሰጠችህ። ወረቀቷን አጣጥፈህ በደረት ኪስህ ይዘህ እንደ ሙሽራ ለብሰህ ወደ አዳራሹ ሄድክ። አስተናጋጁ ግን ወረቀቷን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ክንዱን ዘርግቶ ከሩቅ አነበባት። ከዚያ "ወንድሜ፣ ለአየሩም ቢሆን በሩ ጋ ይሻልሃል" አለህ። በቀጣዩ እሁድ ደግሞ ከበሩ ውጭ። በሦስተኛው እሁድ ዋናው መግቢያ ጋ፣ ከዘበኛው ጎን።

ዘበኛው የእኛ ጉባኤ አባል አይደለም፤ ደመወዝተኛ ነው። "ና አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ" አለህና ከካርቶኑ ገምሶ ሰጠህ፤ ካፖርቱንም ጉልበትህ ላይ ጣለልህ። "ከዚህ ቀጥሎ እንግዲህ አስፋልቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የምናዛውርህ ቦታ የለንም" ሲልህ እስኪያስልህ ድረስ ሳቅክ። እኔ አልሳቅኩም። ዛሬም አያስቀኝም። መቆም ሲያቅትህ በጀርባው አዝሎ ክሊኒክ ያደረሰህ እሱ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በስልክ "እየጸለይንልህ ነው" ይሉህ ነበር። ነርሷ ሳንባህ ቀድሞ አልቆ ነበር አለች፤ መድኃኒቱ በሽታውን ገደለው እንጂ ሳንባ አይመልስም።

አሁን የራሴን ልንገርህ፤ ሌላውን ብቻ ከሰስኩ ውሸታም እሆናለሁ። ያ ቆርቆሮ ኩባያህ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት፣ ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ እንዳልጠጣበት ነው። ነርሷ በኩባያ አይተላለፍም ብላኝም አልፈታሁትም። አንተ አይተሃል። አንድ ቀን ክሩን በጣትህ እየነካካህ "ቀለበት አድርገህ ኩባያዬን ዳርክልኝ እንዴ?" ብለህ ቀለድክና ጠጣህ። ብትቆጣኝ በተሻለኝ ነበር።

ለጉባኤው ያሰብከውን የመጨረሻ ትምህርትህን ያስጻፍከኝ በዚያው ሳምንት ነው። የመጀመሪያዎቹ አማኞች ቤተ ክርስቲያን እንዴት አደገች የሚለውን። አንተ ትናገራለህ፣ ታስላለህ፣ እኔ በሒሳብ ደብተሬ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። አንደኛው ገጽ ላይ አዳራሽ እንዳልነበራቸው፣ በየቤቱ እየተሰበሰቡ አብረው ይበሉ እንደነበር፣ ባሪያና ጌታ በአንድ ማዕድ እንደቀረቡ፣ ለመበለቶች ምግብ ማደል ሲጓደል ሐዋርያቱ "ይህ ትንሽ ነገር ነው" ብለው እንዳላለፉት፣ ይልቅስ ለዚያው ሥራ የታመኑ ሰዎች እንዲመረጡ እንዳደረጉ አስጻፍከኝ። ሁለተኛው ገጽ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "በኋለኞቹ ዘመናት ቸነፈር ከተማ ሲገባ ብዙ ሰው የራሱን በሽተኛ ደጅ አውጥቶ ይሸሽ ነበር። አማኞቹ ግን ቀሩ። የወገናቸውንም የሚጠላቸውንም ሰው በሽተኛ አጠቡ፣ አጠጡ፣ የሞተውን ቀበሩ። አብረው የሞቱም አሉ። ከሞት የተረፈው ሰው ዓይኑን ሲገልጥ አጠገቡ ያገኘው እነሱን ነው። ታዲያ አምላካችሁ ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ ምን ይገርማል? እኛም ስንት ሰው ገባ ብለን ከመቁጠራችን በፊት ማን ወጣ ብለን እንጠይቅ።"

ሰብሳቢው ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ወረቀቱን አይተው ወሰዱት። "ልጄ፣ የምሥረታችን መታሰቢያ እሁድ አንተ ታነበዋለህ፤ ለሁላችንም መጽናኛ ነው" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም። በማግስቱ ሲመልሱልኝ ሁለተኛው ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ተሰምሮበታል። "ይችን ገጽ ዝለላት። እንግዶች አሉን፤ ስለ በሽታ ሲሰሙ ይከፋቸዋል። ፍቅር የሚለውን ግን ጠበቅ አድርገህ አንብበው" አሉኝ። ፍቅር የሚለው ቃል በአንደኛው ገጽ ላይ አንድም ቦታ የለም፣ ወንድም ጋሼ። ፈልጌዋለሁ።

ለእናታችን ጉልበቷን ስመህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አሥራ አንደኛ ክፍል መድረሴን ንገራት። አባታችንንም መልኩን ባላስታውሰውም ሳምልኝ። አክስታችን "ልጁን ትቼው ስለሄድኩ አትቀየመኝ" ብላሃለች፤ ከልጆቿ ተለይታ ከእኔ ጋር ሁለት ሳምንት ቆይታ ትናንት ሄደች። ዘበኛውም "ያ ቀልደኛ እንዴት ነው?" ይልሃል፤ እንደ እኔ በሕይወት እንዳለህ አድርጎ ነው የሚጠይቀው።

እንግዲህ የዛሬውን ጠዋት፣ ብቻዬን ያደርኩበትን የመጀመሪያ ጠዋት ልንገርህ። የመታሰቢያው እሁድ ነበር። ስነሳ ቤቱ ውስጥ የሚስል የለም። ሻይ አፈላሁ፣ የኩባያህን ክር በቢላ ቆረጥኩና በኩባያህ ጠጣሁ። ከዚያ ያንን ባለ ሚስማሩን አግዳሚ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ "ገና በጠዋቱ ዕቃ ልትሸጥ ነው?" አለችኝ። "አይ፣ ልቀመጥበት ነው" አልኳት።

አዳራሹ አልገባሁም። አግዳሚውን አንተ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ አስቀምጬ ዘበኛውን "ና ተቀመጥ" አልኩት። "የት ይደረጋል፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለ፤ ግን ተቀመጠ። ውስጥ መዘምራኑ ሲያበቁ ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛውን ገጽ ስጨርስ ሰብሳቢው ላብ እያጠመቃቸው ወጡ። "አንተ ልጅ፣ ሕዝቡ ይጠብቅሃል እኮ! ተራህ ደርሷል" አሉኝ። "ጀምሬዋለሁ። ገጽ ሁለት ላይ ነኝ፤ ቦታ አለ" አልኳቸው። ቆሙ። አግዳሚውን አዩት። ጫፉን በመዳፋቸው ዳሰሱና ሚስማሩን አገኙት። ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው በዚያው በኩል ተቀመጡ። ይቅር ያልኳቸው እንዳይመስልህ። ግን እያንዳንዱን መስመር፣ በእርሳስ የተሰረዘውን ሁሉ፣ ፊታቸውን እያየሁ እየጮህኩ አነበብኩት።

ጨረስኩ። እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገና "ድገመው" አለኝ። "ወንድምህ ሲናገር እንደዚህ አይጮህም ነበር። አሁን ሳትቆጣ ድገመው።"

ሞከርኩ።

ታናሽ ወንድምህ
ከቤታችን፣ በሩ በድንጋይ ተደግፎ
እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ከሄድክ በአሥራ ስድስተኛው ቀን