ከጓዳ የወጣው ፋይል

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቀኑን ሙሉ በስም ተጨቃጨቅን። ልጅ የተወለደ ይመስል! ለሌሎች ፕሮግራመሮች በምንልከው ላይብረሪ፣ በኮድ ጥቅላችን፣ ውስጥ ያሉት በከፊል የግል የሆኑ ሄደር ፋይሎች (ሌላው ኮድ በስማቸው የሚጠራቸው) ምን ይባሉ? ዋናዎቹ ፋይሎች ሳሎን ናቸው፤ እነዚህ ጓዳ። ያለ እነሱ ሌላው ስለማይሠራ አብረው ይላካሉ እንጂ የደንበኛ እጅ እንዲነካቸው አይደለም። ግን በስም አይለዩም… መጨረሻቸው ላይ «የውስጥ» የሚል ይጨመር አልኩ። አለቃ «ለሚቀጥለው ዓመት» ብሎ ዘጋው። ርቦኝ ነበር፤ አልተከራከርኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

አብሮኝ የሚሠራው ባለ መነጽሩ ልጅ የሰዓት ቆጣሪውን ፋይል ከሰከንድ ወደ ሚሊሰከንድ፣ ወደ ሰከንድ አንድ ሺኛ፣ ቀየረው። ስሙ ግን የድሮው። «የጓዳ ነው፣ ማን ይነካዋል?»

ማን እንደሚነካው አውቃለሁ። የእህቴ ባል። በእኛ ላይብረሪ የሊፍት ፕሮግራም ነው የሚሠራው። የዛሬ ሁለት ዓመት «ጋሼ፣ ይቺን ተጠቀም፣ ማንም አይቀይራትም» ያልኩት ማነው? እኔው። በሩ ስንት ሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ የሚቆጥረው በእሷ ነው። አምስት ብሎ ጽፏል። አዲሱ ቨርዥን ሲገባ አምስት ሚሊሰከንድ ይሆናል… ያለ አንዳች የስህተት መልእክት። አሮጌዎቹ ሊፍቶች ደግሞ በር ላይ ሰው ቢኖርም አያውቁም፤ ይዘጉበታል።

አዲሱ ቨርዥን አርብ ለደንበኞች ይወጣል። የማወጣው እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ጠዋት ደወልኩለት። «አይዞሽ፣ የኔን ዛሬውኑ አስተካክላለሁ።» እፎይ ልል ስል…

«የእነዚያን ግን እንጃ።»

«የእነማንን?»

«ጥሩ ነገር አይደል ያሳየሽኝ? ለሥራ ጓደኞቼ አካፈልኩ። እነሱም ለሌላ ሳይሰጡ ይቀራሉ?»

ስንት ናቸው? አያውቅም። ለማን ልደውል? ስሙ ከተቀየረ ግን ፕሮግራማቸው ፋይሉን ያጣዋል፤ ሊፍቱ ላይ ሳይጫን ገና ቢሮ ውስጥ እምቢ ይላል። የሚያድናቸው የስሙ መቀየር ነው። ለአለቃ ብነግር ደግሞ «ማን አሳያቸው?» ማለቱ አይቀርም። ሰውን ሁሉ «ጓዳ አይነካም» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩት እኔ… አፈርኩ። ፈራሁም።

አርብ፣ ጥቅምት 8

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አለቃ ቢሮ ገብቼ ነገርኩት፤ ቁጭ ሳልል።

«ማን አሳያቸው?»

«እኔ።»

«ስሙን አሁኑኑ ቀይሪ። ከዚያ በኋላ ቨርዥን ማውጣት የባለ መነጽሩ ሥራ ነው።»

ስድስት ዓመት የያዝኩት ሥራ! መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና ስሙን ቀየርኩ። ለመጨረሻ ጊዜም አወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ምንም የለም። እህቴ «ምን ሆነሻል?» አለች። ምን ልበላት?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ስልክ። የማላውቀው ሰው፣ ጆሮ እስኪያደነቁር ይጮሃል።

«ፋይል እየደበቃችሁ የሰው ሥራ ታቆማላችሁ እንዴ? አስራ አንድ ሊፍት ነው ዛሬ የማስረክበው! ማነው ይሄን ስም የቀየረው?»

«እኔ ነኝ። በሩ ስንት ሰከንድ ነው የሚቆየው?»

«ስምንት! ምን አገናኘው? ሽማግሌዎች የሚኖሩበት ቤት ነው፤ ቀስ ብለው ነው የሚገቡት።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ነገሩን ከማስረዳቴ በፊት እስኪበቃው ይሳደብ ብዬ ተውኩት።