ኢማም የተመረጠው አባቴ ሳይቀበሩ ነው

ሐሙስ፣ ኅዳር 16 ቀን 1958 ዓ.ም.። ከቀትር በኋላ

ጥጥ እፈትላለሁ። ክሩ አሥር ጊዜ ተበጠሰ። ጥጡ ደህና ነው፤ ንዴቴ ነው የሚበጥሰው። ባሌ አህመድ ከሽመናው ቀና ብሎ አየኝ። ምን ሆነሽ አላለም። ስለሚያውቅ ነው የማይጠይቅ።

ደብተሬ፣ ሳምንት ሙሉ አልጻፍኩብሽም። አባቴ ሞቱ። ሼህ ኑርዬ፣ የአርብ ገበያ እስላም ኢማም። ያለፈው ሐሙስ ጧት። ሞታቸው ብቻ ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገላቸውን ያጥባል። እኔ በር ላይ ቆሜ ውሃ አቀብላለሁ። ከፈኑ፣ መገነዣቸው፣ እኔ የፈተልኩት፣ አህመድ የሸመነው። ከመንገዱ ማዶ፣ በአማቴ በሼህ ይማም የሽመና ዳስ ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። ስለ ቀብሩ የሚመካከሩ መስሎኝ ልቤ ተነካ፤ አላህ ይስጣቸው አልኩ።

ለካ ኢማም ይመርጣሉ። አማቴን መረጡ። ሰይድ እጁ ሳይደርቅ ወጣ፤ በር ላይ ነገሩት። ነገ ጁምዓ ነው፣ ሕዝብ ያለ ኢማም አይቆምም አሉት። አባቴ ገና አልተገነዙም።

አህመድ ዳሱ ውስጥ ነበር። የነገረኝ ከቀብር ስንመለስ።

ዓርብ፣ ኅዳር 17። ከገበያ መልስ

ገበያው ጢም ብሏል። የስማዳ ሰው ሳይቀር ገብስና ሽምብራውን በአህያ ጭኖ መጥቷል። የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ የኛ ሰዎች እንደ ወትሮው ዕቃቸውን ለክርስቲያን ጎረቤት አደራ ብለው ተነሡ። እንደ ወትሮው ግን ወደ አንድ ቦታ አልሄዱም። የሚበዙት ሽቅብ ወደ መስጊድ፤ አሥራ አራት ሰው ቁልቁል ወደ አባቴ ግቢ። ፊት የቆመው ሰይድ።

ገበያተኛው ቆሞ አየ። ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴት፣ እስላም ደግሞ ሁለት ሆነ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለክፋት አይደለም፤ ግራ ገብቷት ነው። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

በአማቴ ተናድጄ ነበር። አሁን በሰይድም ተናደድኩ። ገበያ ቀን መምረጥ ነበረበት?

እሑድ፣ ኅዳር 19። ጧት

ከድር የሚባል ነጋዴ ከደሴ ጨው ይዞ መጣ። አንድ ቃልም ይዞ መጣ። መስጊድ በር ላይ ቆሞ፣ ሰይድ ሺዓ ሆኗል አለ። ደሴ ካለ የየመን ባለሱቅ ነው የሰማው። ኢማምነት ለልጅ ነው የሚል ሁሉ ሺዓ ነው አላቸው።

ቃሉ ከኔ ቀድሞ ወንዝ ወረደ። ውሃ ስቀዳ አንዷ ትከሻዬን ዳሰስ አድርጋ ወንድምሽን አላህ ይማርልሽ አለችኝ። በሽታ መስሏታል። ሌላዋ ከጣልያን የመጣ ነገር ነው ወይ አለች። እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።

ሺዓ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። የማያውቁትን ነገር ነው የሚተፉበት።

የአባቴን መጻሕፍት ሳጥን ከፈትኩ። አማርኛውን ት/ቤት እስከ ስድስተኛ ተማርኩ፤ ዐረብኛውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሴት ልጅ ምን ታደርግበታለች ሲሏቸው፣ ታነበዋለች ይሉ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21። ቀኑን ሙሉ

ከሳጥኑ ያወጣሁትን የታሪክ መጽሐፍ ሁለት ቀን አነበብኩ። ለራሴ እንዲገባኝ እዚህ ላስፍረው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ላይ አረፉ። አሊ የአጎታቸው ልጅ፣ የልጃቸው የፋጢማ ባል። ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ገላቸውን ያጥባል። በዚያው ሰዓት የመዲና ሰዎች አንድ ዳስ ውስጥ ተሰብስበው መሪ ከኛ ይሾም ይላሉ። አቡበክርና ዑመር ሰሙ፤ ገስግሰው ደረሱ። ካልደረሱ ሕዝቡ ለሁለት ሊሰነጠቅ ነው። ብዙ ክርክር። በኋላ ዑመር የአቡበክርን እጅ ጨብጦ ቃል ገባ፤ ሌላውም ተከተለው። አሊ አልነበረም። አልተጠየቀም።

እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ። አንድ ዙር ዞሬ ተመለስኩ።

አቡበክር እንዲሁ የተነሣ ሰው አይደለም። በስደት ዋሻ ውስጥ አብሮ የተደበቀ፣ ነቢዩ ሲታመሙ በሳቸው ቦታ ቆሞ ያሰገደ። ይኸ ይበቃል፣ ሕዝቡም ተስማምቷል ያሉት ሱኒዎች ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ኹም የሚባለውን ኩሬ ያነሣሉ። ነቢዩ ከመጨረሻው ሐጅ ሲመለሱ እዚያ ቆመው፣ የአሊን እጅ ይዘው፣ እኔ መውላው ለሆንኩት ሁሉ አሊም መውላው ነው ማለታቸውን። መውላ ወዳጅ ነው ይላል አንዱ። ጌታ ነው፣ አለቃ ነው ይላል ሌላው። ቃሏን ሁለቱም ይቀበላሉ። የተጣሉ በትርጉሟ ነው።

አሊ ቆይቶ እጁን ሰጠ። ሰይፍ አልመዘዘም። ከሃያ ዓመት በላይ ሌሎች ሲገዙ ምክር ሲጠየቅ መከረ። አራተኛ ሆኖ ተራው ሲደርስ የሻም፣ የሶርያው ገዥ ሙዓዊያ አልታዘዝም አለ፤ ጦርነት ሆነ። አሊ መስጊድ ውስጥ ተመትቶ ሞተ። ልጁ ሑሴን ከርበላ ላይ ከነቤተሰቡ ውሃ ተከልክሎ ተገደለ። ሺዓ ማለት ወገን ማለት ነው፤ የአሊ ወገን። ስም ነው እንጂ ስድብ አይደለም።

እኔ እንዲህ አየሁት። ቁስሉ በዳሱ ቀን ተከፈተ። ሊሽር ይችል ነበር፤ አሊ ራሱ ጨው አልነሰነሰበትም። እንዳይሽር ያደረገው በኋላ የፈሰሰው ደም ነው።

ሰይድ ሺዓ አይደለም። ሺዓ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አባቱን ሲያጥብ የታለፈ ልጅ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 23። ጧት 4 ሰዓት

መጽሐፍ ማንበቤ ተሰማ። ሰይድ ማልዶ መጣ። የኩሬውን ገጽ አውጪልኝ፣ ነገ አነብላቸዋለሁ አለ። ሌላውስ ገጽ ስለው፣ ሌላው ለነሱ ይሁን አለኝ።

እሱ ሲወጣ አማቴ አስጠሩኝ። ዳሱ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የዳሱን ገጽ፣ የአቡበክርን መመረጥ ፈልጌ እንዳወጣላቸው ፈለጉ። ለነገ።

አልቻልኩም። ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ለምን አልጠበቃችሁንም? የግማሽ ቀን ነገር ነበር።»

መወርወሪያውን ከእጃቸው አስቀመጡ። «ቀብሩን ብንጠብቅ ለቅሷችሁ ይመርጥልን ነበር። ሰው ሰይድን አቅፎ እያለቀሰ ማንን ይመርጣል? ልጁ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።»

«ይኸን ለሱ ብትነግሩት ምን ነበረ?»

መወርወሪያውን መልሰው አነሡ። ውሸታም ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። አርባ ዓመት የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ያሉትም ሐሰት የለበት። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ገጹን ለሁለቱም አልሰጠሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 24። ከሰዓት

ሁለት አዛን። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ጀመረ። አህዮቹ ደነበሩ፣ ገበያው ሣቀ።

የምክትል ወረዳው ገዥ ወታደር ልኮ የሁለቱንም ወገን ሽማግሌዎች አስጠራ። ያላቸውን አህመድ ነገረኝ። መስጊዱ የቆመበት መሬት የባለርስት ነው፤ እናንተ ጭሰኛ ናችሁ። ዝም ያልነው ጸጥ ያላችሁ ስለሆናችሁ ነው። በጾማችሁ ጊዜ ሁለት ጩኸት ከሰማሁ ሁለቱንም አሽጋለሁ። ረመዳን ሦስት ሳምንት ቀረው።

አባቴ ያን ቤት ለማቆም ስንት ባለርስት ደጅ ጠንተዋል። ስንቱን ጌቶች ብለዋል። አሁን ለማሸግ የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን አበጅተን በገዛ እጃችን ሰጠነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 27

የማርያሙ አለቃ ጥበቡ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። አውድማ ላይ ስለነበርኩ ዘገየሁ፣ ይቅርታ አሉ። ከአባቴ ጋር በሰፊው ይጨዋወቱ ነበር። ነገሩን ሰምተዋል፤ ሰዉ ሁሉ ሰምቷል።

«በኛም ቤት በሃይማኖት ነገር ቅባት ነህ ጸጋ ነህ ተባብለው፣ የአያቴ ወንድሞች አንድ ማዕድ ሳይቀርቡ ሞቱ» አሉኝ። «በምን እንደተጣሉ ብትጠይቂ ግማሾቹ አያውቁትም። ጠቡን እንጂ ነገሩን አልወረሱም።»

ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን ተቃጠልኩ። በሽታው የሁሉም ከሆነ መድኃኒቱን የሚያውቅ እንዴት ይጠፋል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 29። በአባቴ ቤት

አህመድ ዛሬ፣ ወንድምሽ ቤት እንዳትሄጂ አለኝ። አባቴ ሰው ፊት አፈሩ አለ። የኔስ አባት አልኩት። እንዝርቴንና አንቺን፣ ደብተሬን፣ ይዤ ወጣሁ።

ሰይድ በደስታ ተቀበለኝ። «እትዬ፣ ከኔ ወገን ነሽ፤ አውቅ ነበር።»

ወገን። ያችው ቃል። ከማንም ወገን አይደለሁም አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ አባታችን ቦታው ያንተ ነው ብለውሃል?

አጎነበሰ። «አላሉኝም። ከመሞታቸው በፊት ሰዉን ሁሉ አዩና ወደኔ ዞሩ። አዩኝ።»

«አዩህ?»

«አዩኝ፣ እትዬ።»

ልጮህበት ነበር። ዓይኖቹን ሳይ ተውኩት። አባቱ ሲሞቱ ያዩት ልጅ ነው። ምን እንዳሉት እኔ እንዴት አውቃለሁ? እሱስ እንዴት ያውቃል?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 3

ትናንት ለሰይድ ነገርኩት፣ ለአማቴም ላክሁባቸው። መጽሐፉን ማክሰኞ አነባለሁ፤ በአባቴ ግቢ፣ ለሁሉም፣ ገጽ ሳልመርጥ። የማይመጣ ገጽ አይለምነኝ። ከድር ሴት ለወንድ ስታነብ የት አገር ታየ ብሏል አሉ። እሱ ያንብባ። ፊደል አይለይም።

ሁለቱም እመጣለሁ አሉ። መጽሐፉ ለየራሳቸው የሚፈርድ መስሏቸዋል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5። ሰው እንደሄደ

ቶሎ ልጻፍ።

መጡ። ግቢው ሞላ። እኔ ጓዳ በር ላይ፣ ከመጋረጃ ወዲህ። ዐረብኛውን አንብቤ በአማርኛ እፈታለሁ። ዳሱ ጋ ስደርስ የአማቴ ሰዎች ደስ አላቸው፤ ሰምታችኋል ወይ እያሉ ተጠቃቀሱ። ኩሬው ጋ ስደርስ የሰይድ ሰዎች። አላቆምኩም። አሊ እጁን የሰጠበት ደረሰ፤ የሰይድ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። አሊ ሳይጠየቅ መቅረቱ ከብዶት ለአቡበክር በግልጽ የነገረበት፣ አቡበክርም ሰምቶ ያለቀሰበት ደረሰ፤ የአማቴ ሰዎች ደፉ። ከርበላ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ያለቅሳሉ። ጨርሼ ዘጋሁ።

የመጀመሪያው ተናጋሪ አማቴ።

«ሰይድ፣ መመረጤን አልመልስም። ሰው መርጦኛል፤ ብመልሰው ሌላ ጠብ ይነሣል። ግን መንገዷን ተሻግሬ አንተ በር ላይ መቆም ነበረብኝ። ልንመርጥ ነው፣ ስትጨርስ ና ማለት ነበረብኝ። ፈራሁህ። ለዚያ ይቅር በለኝ።»

ሰይድን በመጋረጃው ቀዳዳ አየዋለሁ። መሬት ይጭራል።

«ከኋላዎ እሰግዳለሁ» አለ። «ይቅርታውን ግን ዛሬ አልችልም።»

«አትቸኩል» አሉ አማቴ።

አልተቃቀፉም። ተነሥተው ሄዱ። ከድር መቼ እንደወጣ ያየው የለም።

ሰው ሁሉ ተመስገን ይላል። ከኔ አፍ ግን አልወጣም። ይህን ለመስማት ከሦስት ሳምንት በላይ መዋረድ ነበረብን?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9። ጧት

ትናንት አንድ አዛን። ሰይድ በሁለተኛው ሰልፍ፣ ከዳር። የገዥው ወታደር መጥቶ አየ፣ የሚያሽገው አጥቶ ተመለሰ።

አህመድ ዛሬ ብቻውን መጣ። ሽማግሌ አልላከም። ዳሱ ውስጥ እያወቅሁ ተቀመጥኩ፣ አባቴን ፈርቼ ነው አለ። ሰማሁት። ሰኞ ቤቴ እገባለሁ፤ እስከ ሰኞ ዝም እለዋለሁ። ይሁንለት።

መጽሐፉን ይዤ ልሄድ ስል ሰይድ፣ ያባት መጽሐፍ ለወንድ ልጅ ነው አለ። አማቴም ሰምተው፣ መስጊድ ይቀመጥ ብለው ላኩ። እንደገና። ሁለቱም አንድ አንድ ገጽ ብቻ የፈለጉ ሰዎች።

ለሁለቱም መለስኩላቸው። ወደ አማርኛ ገልብጬ እስክጨርስ ከኔ ጋ ነው። ከዚያ በኋላ ዐረብኛውን የፈለገ ይውሰድ። አማርኛውን ግን ማንም ሰው፣ ወንዝ የምትወርደዋም ሴት ሳትቀር፣ አስነብባ ትሰማዋለች። ሰይድ ተቆጣ። ተቆጣሁ። የኔው በለጠ።

ወረቀት ከንፋስ መውጫ እስኪመጣ አልጠብቅም። ስለዚህ ደብተሬ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው ገጽሽ የኔ አይደለም፤ የመጽሐፉ ነው። ቆጠርኩት፤ ስልሳ ሁለት ቀርቷል። አይበቃም። ደቃቅ አድርጌ እጽፋለሁ። ነገ ጧት እጀምራለሁ።